የገና ዕለት አባቴ

መምህርት ዕፀገነትን አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ጠላኋት። ለማንም ግን አልተናገርኩም። ሰዎች ስለ ልጅነት አስተማሪዎቻቸው ማውራት ሲጀምሩ ዝም እላለሁ፤ አለዚያም ሰበብ ፈልጌ ተነስቼ እወጣለሁ። አሁን እኔም ንፋስ መውጫ ውስጥ የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ነኝ። አንዱ ተማሪ አኩርፎኝ ፊቱን ወደ ግድግዳ ሲያዞር፣ ምን አድርጌው ይሆን ብዬ የማስበው ከሌሎቹ አስተማሪዎች በላይ ነው።

ያኔ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ሁለተኛ ክፍል። መንደራችን ከወገዳ ከተማ በእግር ሁለት ሰዓት ያስኬዳል። ትምህርት ቤቱ ከሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ጉብታ ሥር የተሠራ፣ በጭቃ የተመረገ አንድ ረዥም ቆርቆሮ ቤት ነው፤ ውስጡ በአጠና አራት ቦታ ተከፍሏል። ሦስተኛ ክፍሎች ሲያነቡ እኛ እንሰማለን፤ እኛ ስንቆጥር አንደኛ ክፍሎች ከወዲያ ማዶ አብረውን ይቆጥራሉ።

መምህርት ዕፀገነት የመጣችው ከመካነ ኢየሱስ ከተማ ነው። የመጀመሪያ ሥራዋ ነበር። ከእሷ በፊት ያስተማሩን መምህር ከመጽሐፉ ያስገለብጡን ነበር እንጂ ሌላ ነገር አያውቁም። እሷ ግን በዓል በመጣ ቁጥር በዓሉን ክፍል ውስጥ ታስገባዋለች። ለመስቀል አደይ አበባ አስለቅማ፣ አምስት አምስቱን አሳስራ ማባዛት አስተማረችን። ታኅሣሥ ሲጠባ ደግሞ አንድ ጣሳ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠች። ውስጡ ሽምብራ ነበረበት፤ እስከ ገና ለቀረው ለያንዳንዱ ቀን አንዳንድ ፍሬ። ጧት ጧት አንድ ልጅ ይነሳና አንዷን አውጥቶ ይበላል፤ እኛ የቀረውን እንቆጥራለን። መቀነስን የለመድኩት በዚያ ሽምብራ ነው። የገና ጨዋታ ዱላ አምጥተን በስንዝር ለካን። አውድማ ወርደን ገብሱና ባቄላው ሲወቃ አየንና ስለ አዝመራ ጻፍን። በካርቶን ላይ በከሰል በግ ሣልን፤ የኔ በግ አምስት እግር ነበረው።

ሽምብራው ባነሰ ቁጥር አባቴ የቀረበ ይመስለኝ ነበር። አባቴ ክንዱ መስከረም ላይ ከጎረቤታችን ከአያ ዋለ ጋር ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዶ ነበር። እናቴ ያኔ ሆዷ ገፍቷል። ሲሄድ «ለገና ከች እላለሁ» ብሎኛል። ኅዳር ሃያ ሰባት ቀን እናቴ ወንድ ልጅ ወለደች። የአባቴ እኅት አክስቴ ንግስት ልታርሳት መጥታ እኛ ቤት ከረመች።

በታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ቲቸር አንድ ሥራ ሰጠችን፤ ቲቸር ነበር የምንላት። ርእሱን ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፈችው፤ «የገና ዕለት አባቴ»። አባት የሌላቸው ሦስት ልጆች ነበሩ፤ ራሄልና ሁለት ወንድማማቾች። እነሱ «የገና ዕለት እናቴ» ብለው እንዲጽፉ ከመስኮቱ ሥር ካለው መደብ ላይ ለብቻ አስቀመጠቻቸው። በታኅሣሥ ሃያ ሰባት፣ ወላጆች በሚጠሩበት ቀን፣ ሁሉም እየወጣ ያነባል ተባለ። እኔ አንድ ገጽ ሞላሁ። ቲቸር አነበበችውና ሳቀች፤ «የኩላሊቱ ነገር ጥሩ ነው» አለችኝ። ያን ቀን ወደ ቤት የሄድኩት እየሮጥኩ ነው።

እሑድ ከአክስቴ ጋር ቤተ ክርስቲያን ስሜ ስመለስ አያ ዋለን ከአጥሩ ውጭ ቆሞ አየሁት። ከስቷል፤ ፊቱ ጠቁሯል። «አያ ዋለ!» ብዬ ተጣራሁ። ቀና ብሎ አየኝና ነጠላውን ወደ ዓይኑ ስቦ ቁልቁል ወደ ወንዙ ሄደ።

«አያ ዋለ መጣ! አባባስ?» አልኩ።

አክስቴ እጄን ጭምቅ አደረገችው። «ዋለ አይደለም። የሚመስለው ሰው ነው።»

«ራሱ ነው እንጂ።»

«የሚመስለው ነው አልኩሽ! ለእናትሽም እንዳትቀባጥሪ። አራስ በሆነ ባልሆነው ልቧ አይሰቀልም።»

አመንኳት። ትልቅ ሰው ስለ ሰው መልክ ይዋሻል ብዬ እንዴት ልጠርጥር።

ሰኞ ጧት ቲቸር ዓይኗ አብጦ ገባች። ጉንፋን የያዛት መሰለኝ። ሽምብራው ወጣ፤ «አሥራ ዘጠኝ ቀረ!» ብለን ጮኽን። ከዚያ ስሜን ጠራች።

«ማስተዋል፣ ደብተርሽን ይዘሽ ነይ።»

ከመስኮቱ ሥር፣ ከራሄል አጠገብ አስቀመጠችኝ። «አንቺ ከነራሄል ጋር ሆነሽ ስለ እናትሽ ጻፊ።»

«እኔ አባት አለኝ» አልኳት።

ልጆቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ።

«እናትሽ ወልዳለች አይደል? ስለ እሷና ስለ ሕፃኑ ብትጽፊ ይሻላል።»

«የሌሎቹም እናቶች ወልደዋል። ልጆቻቸውን ለምን እዚህ አላመጧቸውም?»

ጠመኔ አልቋል ብላ ወጣች። ጠመኔው ግን ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ራሄል ጠጋ አለችልኝና «እዚህ ፀሐይ ይገባል፤ ይሞቃል» አለችኝ። ልትመታኝ የተነሳች ያህል ሸሸኋት።

ቤት ስደርስ አክስቴ ውኃ ወርዳለች። እናቴ ከመጋረጃው ጀርባ ሕፃኑን ታጠባለች። እያለቀስኩ ሁሉንም ዘረገፍኩት።

«ከማን ጋር ነው ያስቀመጠችሽ?» አለችኝ።

«ከነራሄል ጋር። አባት ከሌላቸው ልጆች ጋር! አባቴ መተማ ነው እያልኳት።»

«እሷ ምን አለች?»

«ጠመኔ አልቋል ብላ ወጣች።»

እናቴ ሕፃኑን ከጡቷ አላቀቀችው። ጡቷ ይንጠባጠባል፤ አላበሰችውም። ሕፃኑ አፉን ከፍቶ ይፈልጋል።

«ማስተዋል፣ ዋለን አይተሽዋል?»

አክስቴ እንዳልናገር አስጠንቅቃኛለች። ግን አያ ዋለ ራሱ አይደለምና ብናገር ምን ችግር አለው አልኩ በልቤ። «የሚመስለውን ሰው አይቻለሁ። ስጠራው ፊቱን ሸፍኖ ሄደ።»

እናቴ ሕፃኑን መልሳ ጡቷ ላይ አስጠጋችው፤ የጋቢዋን ጫፍ አጥፋ አፏ ውስጥ ከተተች፤ ነከሰችው። አጠባችው። ሲጨርስ ጨርቁን ከአፏ አወጣችና በደህና ድምፅ፣ «መምህርትሽ ተሳስታ ነው። ለንግስትም ለማንም ይህን እንዳትነግሪ» አለችኝ።

ከዚያ ቀን ወዲያ እናቴ ተለወጠች። በፊት ገንፎውን ሁለት ጉርሻ ቀምሳ ትመልሰው ነበር። አሁን የመጣላትን ሁሉ ትበላለች፤ ገንፎውን፣ አጥሚቱን፣ ሳህኑን ጠርጋ። አክስቴ «እሰይ፣ እንዲህ ብይልኝ!» ትላለች። መንገደኛ ባለፈ ቁጥር ከመተማ የመጣ ሰው አለ ወይ እያለች ማስጠየቋንም ተወች። እኔም በልጅነት ሒሳቤ ደመርኩት፦ እናቴ ልጅ ስላገኘች አባቴን ረሳችው፤ ሆዷን ብቻ ነው የምታስበው። እንዲያው እንደ ድንጋይ ዝም ብላ ስትውጥ ሳያት እጠላት ነበር።

ወተቷ እንዳይነጥፍ ነበር የምትበላው። ይህን ያወቅሁት ራሴ ከወለድኩ በኋላ ነው።

ታኅሣሥ ሃያ ስድስት ከትምህርት ቤት ስመለስ ቲቸር ከቤታችን ስትወጣ አገኘኋት። አክስቴ ከብቶቹን ልታጠጣ ሄዳለች። ቲቸር ራሴን ልትዳብሰኝ እጇን ዘረጋች፤ ጎንበስ ብዬ አመለጥኳት።

«ምን ልትል መጣች?» አልኳት እናቴን።

«ሕፃኑን ልታይ።»

አላመንኳት። ስለኔ ክስ ይዛ እንደመጣች ቆረጥኩ። ያን ለት ማታ ስለ አባቴ የጻፍኩትን ገጽ ከደብተሬ ገነጠልኩና አጥፌ ቀሚሴ ውስጥ ደበቅኩት።

በማግሥቱ ክፍላችን የሌላ ቤት መስሎ ነበር። ካርቶን ላይ የሣልናቸው በጎች ግድግዳውን ሞልተውታል፤ መሬቱ ላይ ቄጠማ ተጎዝጉዟል፤ ጣሳው ውስጥ ሁለት ሽምብራ ቀርቷል። ወላጆች በመደቡ ላይ ጥቅጥቅ ብለው ተቀመጡ። አክስቴ ከፊት ናት። የነፍስ አባታችን መምሬ ወልደ ገብርኤል መስቀላቸውን ይዘው በወንበር ተቀምጠዋል። በሩ ላይ ግድግዳውን ተደግፎ አያ ዋለ ቆሟል፤ አሁን ራሱ ለመሆኑ ምንም አልተጠራጠርኩም።

ልጆቹ አንድ በአንድ ወጥተው አነበቡ፤ ተጨበጨበላቸው። ተራዬ ሲደርስ ቲቸር ጠራችኝና ትክ ብላ አየችኝ። ስለ እናቴ የጻፍኩበትን ደብተር መደቡ ላይ ወረወርኩትና ከቀሚሴ ውስጥ ወረቀቴን አወጣሁ። ትቀማኛለች ብዬ ወደ ኋላ ሸሸሁ። አልቀማችኝም። ወለሉን እያየች ቆመች።

ጮክ ብዬ አነበብኩ።

«የገና ዕለት አባቴ። አባቴ ክንዱ ይባላል። የገና ዕለት በማለዳ ተነስቶ ቤተ ክርስቲያን ይስማል። ከዚያ በጉን ያርዳል። ኩላሊቱን እሳት ላይ ጣል አድርጎ ለኔ ይሰጠኛል። ትኩስ ነው ቀስ በይ ይለኛል። ከሰዓት ሜዳ ወርዶ ገና ይጫወታል። አባቴ ሩሯን ሲመታት ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ይፈልጋታል። ማታ ደክሞት ሲገባ እግሩን አጥበዋለሁ...»

አንዲት ሴትዮ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች። አክስቴ ብድግ አለችና ሰው እየረገጠች ወጣች። አያ ዋለ ከበሩ ላይ ተንሸራቶ ቁጢጥ አለ፤ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘ። እኔ ግን ገና አልጨረስኩም።

«በቃሽ ልጄ፣ በቃ» አሉ መምሬ።

«...ዘንድሮ አባቴ መተማ ነው። ለገና ይመጣል። ወንድሜን አላየውም። ሲያየው ይደሰታል። አበቃ።»

ቀና ስል የማያለቅስ ትልቅ ሰው አልነበረም። አንዳንዱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል፤ አንዳንዱ ጉልበቱ ላይ ተደፍቷል። በዚያ ክፍል እንደኔ አሳምሮ ያነበበ የለም ብዬ አመንኩ። ቲቸር ብቻዋን ሦስት ጊዜ አጨበጨበች። ሌላ ሰው አልተከተላትም።

ስንወጣ አክስቴ ቲቸርን ጥግ አስይዛ ስትጮኽባት ሰማሁ። «አንች ልጅ፣ ምን ነካሽ? ወረቀቱን አትነጥቂያትም? ይህ ነገር አራስ ቤት ቢደርስ ደሙ በማን ላይ ነው?»

«አጠፋሁ፣ ይቅር በሉኝ» አለች ቲቸር። እንባዋ በሹራቧ ላይ ይወርዳል።

የምን ደም እንደሆነ አልገባኝም። መሸነፏ ግን ገባኝ፤ ደስም አለኝ።

ገና መጣ፤ አባቴ አልመጣም። በጉን አያ ዋለ እናቴ እንዳታየው በጓሮ መጥቶ አረደልን፤ አባትሽን ሥራ ይዞት ነው የቀረው አለኝ። ኩላሊቱን ጠብሶ ሲሰጠኝ አልቀበልም ብዬ ለውሻው ወረወርኩት። ጥር ስድስት ቀን ወንድሜ ክርስትና ተነሣ፤ አንዳርጌ ተባለ። ጥር ሥላሴም ተከበረ።

የሥላሴ ማግሥት ጎህ ሲቀድ በእግር ኮቴ ነቃሁ። ቤቱ በሰው ተሞልቷል፤ ማንም አይናገርም፤ ሁሉም ነጠላውን አዘቅዝቋል። መምሬ መሐል ቆመዋል። እናቴን ሊቀሰቅሷት መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ለባብሳ፣ መቀነቷን ታጥቃ፣ ሕፃኑን ታቅፋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አገኘናት።

«ካሣነሽ ልጄ» ብለው ጀመሩ መምሬ፤ «የእግዚአብሔር ፈቃድ...»

«ትንሽ ይታገሡኝ፣ አባቴ» አለቻቸው።

ሰዉ ሁሉ ቆሞ ጠበቃት። ሕፃኑ ጡቷን ለቆ እስኪተኛ አጠባችው። አፉን በጣቷ ጠረገችለት፤ አንስታ ለአክስቴ ሰጠቻት። ከዚያ ነጠላዋን ከራሷ ላይ አወረደች።

«አሁን ይንገሩኝ። ልጄ ጠግቧል።»

ከዚያ በኋላ ከእናቴ የወጣውን ድምፅ ዛሬም በጽሑፍ ላስቀምጠው አልችልም።

አባቴ ኅዳር አጋማሽ ላይ፣ ወንድሜ ሳይወለድ፣ በወባ ሞቶ እዚያው መተማ ተቀብሯል። አያ ዋለ መርዶውን ይዞ የገባው በታኅሣሥ ስምንት ነው። የመንደሩ ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ አራስ በድንጋጤ ወተቷ ይነጥፋል፣ እሷም ትታመማለች፣ ሕፃኑ ክርስትና ይነሣና እንነግራታለን ብለው ተማማሉ። ይህን ሁሉ የሰማሁት ቀስ በቀስ፣ ዓመት በዓመት ነው።

በዚያ ጧት እኔ የገባኝ ሌላ ነበር። አባቴ የሞተው ያን ጧት ሲነገር ነው። እስከ ትናንት አባት ነበረኝ፤ ቲቸር ግን አባት ከሌላቸው ልጆች ጋር አስቀመጠችኝ፤ ስለዚህ አባቴ ሞተ። እሷ ባታስቀምጠኝ ኖሮ ይመጣ ነበር። የስምንት ዓመት ልጅ ይህን አሳብ ብቻውን ይዞ ሲያድግ፣ በኋላ ውሸት መሆኑን ቢያውቅም ጥላቻው አይለቀውም።

መንደሩም በበኩሉ ቲቸርን ጠላት። እናቴ ለመርዶው ተዘጋጅታ መጠበቋን ሁሉም አይቷል። ማን ነገራት ተባለ። ከዚያ የንባቡ ቀን ተነሳ፤ ወሬው አራስ ቤት የደረሰው በዚህች መምህርት ነው ተባለ። የተከራየችበት ቤት ባለቤት ውጪልኝ አለቻት። ወላጆች ልጆቻቸውን ሰላም አትበሏት አሉ። ሰኔ ላይ ተዛውራ ወደ መካነ ኢየሱስ ተመለሰች። ልጆቹ እስከ ወንዙ ሸኟት፤ እኔ አልሄድኩም።

ከአራት ዓመት በፊት፣ ሥራ በያዝኩ በመጀመሪያው ክረምት፣ ለሥልጠና መካነ ኢየሱስ ላኩን። ሁለተኛው ቀን ላይ አሠልጣኟ ገባች። ጠጉሯ ከፊት ሸብቷል፤ መነጽር አድርጋለች። የስም መዝገቡን ስታነብ «ማስተዋል ክንዱ» ላይ ደርሳ ቆመች። ክፍሉን በሙሉ በዓይኗ ፈተሸች።

ሻይ ሰዓት ላይ ልሸሽ ስል በረንዳው ላይ ደረሰችብኝ።

«እናትሽ ደህና ናት?»

«ደህና ናት።»

«ያን ጊዜ ከነራሄል ጋር ስላስቀመጥኩሽ ይቅርታ ልጠይቅሽ እፈልግ ነበር። ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ወጥተሽ ያንን ስታነቢ ሰው ፊት እንዳትጎጂ ብዬ ነው፤ የባሰ ጎዳሁሽ።»

እኔም ያን ቀን ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። «ለምን ታዲያ በንባቡ ቀን ዝም አሉኝ? ወረቀቱን ስለምን አልቀሙኝም?» አልኳት።

መነጽሯን አወለቀች። «እስካሁን አልነገረችሽም?»

«ማን?»

«እናትሽ ናት እንዲነበብ ያለችው። በንባቡ ዋዜማ በልጅ አስጠራችኝ። ማወቋን ከፊቷ ተረዳሁ። "ልጄ ስለ አባቷ የጻፈችውን ታንብብ፤ እንዳትከለክያት፤ እኔ ማወቄንም ለማንም እንዳትናገሪ" አለችኝ። መስቀል አስመትታ አስማለችኝ። በመስቀል ከማልኩ በኋላ ምን ልል እችል ነበር?»

«ሲያባርሩሽስ?» ሳላስበው አንቺ አልኳት።

«ማልኩ አይደል።»

የሥልጠናው ማብቂያ እስኪደርስ መጠበቅ አልቻልኩም። ቅዳሜ በአውቶቡስም በእግርም ብዬ ቤት ገባሁ። እናቴ በራፉ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ከፊቷ ተቀምጬ የሰማሁትን ነገርኳት። እጇ ሰፌዱ ላይ ቆመ።

«ዕፀገነትን አገኘሻት? ልጅ ወለደች?»

«እማ፣ ለምን አስነበብሽኝ?»

ከምስሩ አንዲት ጠጠር አንስታ ወረወረች። «እኔ ማልቀስ አልችልም ነበር። ባለቅስ ንግስት ታውቃለች፤ ወተቴም ይሄዳል። ያ ሰው ከሞተ አርባ ቀን አልፎት ነበር፤ በአገሩ አንድም ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ አላለቀሰለትም። ሁሉም ለኔ ሲል አፍኖ ይዞታል። አንች ስታነቢ እንደማይችሉ አውቄያለሁ።»

«አንቺ እኮ አልነበርሽም።»

«ነበርኩ። ንግስት ወደ እናንተ እንደሄደች ሕፃኑን በጋቢ ጠቅልዬ፣ አራስ ያለ ብረት አትወጣምና ማጭድ ይዤ በጓሮ ወጣሁ። አርባዬ ሳይሞላ። ከክፍላችሁ ግድግዳ ኋላ ቆምኩ። ድምፅሽ ጥርት ብሎ ይሰማል። ከዚያ እነሱ ማልቀስ ጀመሩ። የዋለን ለቅሶ ለየሁት። እኔ አፌን ይዤ እስኪጨርሱልኝ ቆሜ ሰማሁ። ከዚያ ወደ ቤቴ ገባሁ።»

ሰፌዱን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«ያችን ልጅ ግን በላኋት» አለች። «እኔ አዝዣት፣ እሷ ተባረረች። በመርዶው ማግሥት እውነቱን ልናገር ነበር። ግን ሰው ምን ይለኛል? አውቃ ዝም ያለች፣ ባሏን ሳታለቅስ ገንፎ የበላች ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ነገ ነገ ስል ሰኔ ሆነ። ስልኳን ይዘሻል?»

ይዤ ነበር። ደወልኩና ሰጠኋት። ስልኩን በሁለት እጇ ከጆሮዋ ላይ ያዘችው። ከወዲያ በኩል «ሃሎ? ሃሎ? ማን ልበል?» ስትል ይሰማኛል። እናቴ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል እንጂ ድምፅ የለውም። ይዘጋ ይሆን ብዬ ፈራሁ። አልተዘጋም።

«እኔ ነኝ» አለች፤ «ካሣነሽ። የክንዱ ሚስት።»